ለምግብና ለእርሻ ኢንዱስትሪ የገጠር ፓርክ ማቀድ፦ ከሼዱ በፊት ኩንታሉ

የገጠር ኢንዱስትሪ ፓርክ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ ገጠር ውስጥ አይጻፍም። የሚጻፈው ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ቀለም የሼድ ሥዕል ግድግዳው ላይ እየበራ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ባንኩም፣ ሕጉም፣ ትልቁ ገዢም ያለው እዚሁ መሐል አዲስ አበባ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሥዕሉ ሒሳቡን ሲቀድመው ነው። ሼድ ገንዘብ ካለ በአጭር ጊዜ ይቆማል። በነሐሴ ወር ያንን ሼድ የሚመግበው ኩንታል ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የተገነባ ፓርክ ግን ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ዘበኛ ብቻ የሚውልበት ግቢ ሆኖ ይቀራል።

ይህ መመሪያ አክሲዮን አሰባስባችሁም ሆነ በዩኒየን ተደራጅታችሁ፣ ወይም ለክልል መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ፓርክ ለማቀድ ለተነሣችሁ ነው። መንግሥት የጀመራቸው አራቱ የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ማለትም የኦሮሚያው ቡልቡላ፣ የአማራው ቡሬ፣ የሲዳማው ይርጋለምና የትግራዩ ባዕከር፣ አንድ ጥሩ ሐሳብ ይዘው ተነሥተዋል፦ ፓርኩ መሐል ላይ ይሆናል፣ በዙሪያው ደግሞ ምርት የሚሰበስቡ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ይቆማሉ። የእናንተ ፓርክ 20 ሄክታር ብቻ ቢሆንም ይህን ሐሳብ ውሰዱ። ስፋታቸውን ግን አትኮርጁ።

1. ከመርካቶ ጀምሩ

መሬት ከማየታችሁ በፊት እህል በረንዳ ግቡ። የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ዋነኛ ተፎካካሪ ሌላ ዱቄት ፋብሪካ አይደለም፤ ይህ ገበያ ነው። የአርሲም ሆነ የጎጃም ገበሬ ስንዴውን ለእናንተ ከመስጠቱ በፊት ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው እዚህ ያለውን ዋጋ ነው። ስለዚህ የመረጣችኋቸውን ሰብሎች ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቡ፤ ቢያንስ አንድ መኸርና አንድ ክረምት ይሸፍን። ጥርና የካቲት ላይ የወረደው ዋጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የት እንደሚደርስ ካወቃችሁ፣ መጋዘን መሥራት ያዋጣ አያዋጣ እንደሆነ ያለ አማካሪ ትመልሳላችሁ። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት የማከማቻውን፣ የወለዱንና የነቀዙን ወጪ ካልሸፈነ ያ ሰብል ለእናንተ አይሆንም።

ለአትክልት ደግሞ አትክልት ተራ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ መጀመሪያ ጃንሜዳ፣ በኋላም ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሰፍሯል። እዚያ ከደላላው ይልቅ ጫኝና አውራጁን ጠይቁ። ቲማቲሙ ከየት እንደመጣ፣ በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚጨፈለቅ፣ የትኛው ወር ላይ ሳጥኑ በግማሽ ዋጋ እንደሚጣል የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የቲማቲም ድልህ፣ ፓስታ፣ የምግብ ዘይት፣ የዱቄት ወተት ጀርባ ላይ የተጻፈውን የትውልድ አገር አንብቡ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ የኪሎ ዋጋ የእናንተ የመሸጫ ጣሪያ ነው፤ ከመርካቶ ያገኛችሁት የጥሬ ምርት ዋጋ ደግሞ ወለሉ። ፓርኩ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ክፍተቱ ጭራሽ የለም።

ወተት ካሰባችሁ መዝገቡን በጾም አቆጣጠር አስሉት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲጨመሩ የወተት ፍላጎት የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ወደ ግማሽ ዓመት ይጠጋል። ላሟ ግን አትጾምም። በፌስታል ወተት ብቻ የሚያሽግ ፋብሪካ መጋቢት ላይ ገበሬውን ከነገንቦው ይመልሰዋል፤ የተመለሰ ገበሬ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሲፈለግ አይገኝም። በጾም ወራት ወተቱን ወደሚቆይ ነገር የሚለውጥ መስመር ያስፈልጋል። ለ1 ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ፣ ለ1 ኪሎ ደረቅ አይብ 10 ሊትር ገደማ፣ ለ1 ኪሎ ዱቄት ወተት 8 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ቅቤው የፋሲካን ገበያ ይጠብቃል፤ የማቆያው ቀዝቃዛ ክፍል ግን ከወዲሁ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

2. ኩንታሉን ወደ ሄክታር፣ ሄክታሩን ወደ ሰው መልሱት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

በቀን 100 ቶን የሚፈጭ ዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። በቀን 1,000 ኩንታል፣ በ300 የሥራ ቀን 300,000 ኩንታል ይበላል። ሄክታሩ 30 ኩንታል ይሰጣል ብንል 10,000 ሄክታር ስንዴ ማለት ነው። ይህ ግን ገበሬው ያመረተውን በሙሉ ቢሸጥ ነው። ለቤቱ፣ ለዘር፣ ለዘመድ አስቀርቶ ሲሶውን ብቻ ቢሸጥ ፍላጎታችሁ 30,000 ሄክታር ይሆናል። በዚያ ክልል ውስጥ ሌላ ዱቄት ፋብሪካ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ይሻገራል። የበጋ መስኖ ስንዴ ባለበት አካባቢ ምርቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚገባ መጋዘኑ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከሚሰጣችሁ ሪፖርት ሳይሆን ከማሳው አረጋግጡ።

ቲማቲም ሌላ ጠባይ አለው። ትኩሱ ቲማቲም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ 1 ኪሎ ወፍራም ድልህ 6 ኪሎ ገደማ ቲማቲም ይፈልጋል። በቀን 100 ቶን የሚቀበል መስመር በ90 ቀን ወቅት 90,000 ኩንታል ያስፈልገዋል። ሄክታሩ 250 ኩንታል ቢሰጥ 360 ሄክታር ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ማሳ በአንድ ሳምንት ከደረሰ ግማሹ በራችሁ ላይ ይበሰብሳል፤ ተከላው በየአሥር ቀኑ እየተፈራረቀ እንዲሄድ ከገበሬው ጋር አስቀድሞ መስማማት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ሲንር ደግሞ ግማሹ ቲማቲም በአይሱዙ ተጭኖ ያልፋችኋል። ስለዚህ 720 ሄክታር አስቡ። አንድ ቤተሰብ ለቲማቲም ግማሽ ሄክታር ቢመድብ 1,440 አባወራና እማወራ ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ ማን ያገኛቸዋል? ማን ይመዘግባል? ምርጥ ዘሩን ማን ያቀርባል? በዕቅዳችሁ ውስጥ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ከሌለ የቀረው ገጽ ሁሉ ትርፍ ወረቀት ነው።

የብሔራዊም ሆነ የዞን ምርት አኃዝ ጠቃሚ ቢሆንም አማካይ ስለሆነ ያታልላል። ፓርኩን ከሚከቡት ቀበሌዎች ዝርዝር አውጡና በእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያህል ያመርታሉ፣ ምን ያህሉን ይሸጣሉ፣ ዛሬ ለማን ይሸጣሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ተቀናቃኛችሁን በስም ያስተዋውቃችኋል።

3. ጎረቤቶችን በትርፋቸው ምረጡ

ፓርክ ከተበታተነ ፋብሪካ የሚሻለው በአንድ ምክንያት ነው፦ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ሲሆን። ያ 100 ቶን ስንዴ 75 ቶን ያህል ዱቄት ይወጣውና የቀረው አብዛኛው ፉሩሽካ ነው። ከጎኑ ኑግ ወይም ተልባ የሚጨምቅ ዘይት ቤት ካለ ፋጉሎ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ የመኖ ማቀነባበሪያ ይሆናሉ፤ መኖው ወተት ለሚያቀርቡት ገበሬዎች በዱቤ ሄዶ በወተት ይመለሳል። አንድ የአካባቢ ገበሬ ስንዴ ሽጦ መኖ ገዝቶ ከተመለሰ ከእናንተ ጋር ያለው ዝምድና በዋጋ ብቻ የታሰረ አይሆንም። በቡና አገር ደግሞ የቡና ገለባ ለቦይለር ማገዶ ይሆናል።

የማይቀራረቡትንም ለዩ። ቄራና ቆዳ ከወተትና ከዱቄት ይራቁ፤ ሽታውም ዝንቡም ግድግዳ አያግደውም። የዓመቱን የነፋስ አቅጣጫ ከሜትሮሎጂ ወስዳችሁ ሽታ ያለውን ወደ ነፋሱ መውጫ አድርጉት። የቅመማ ቅመም ወፍጮም ከሕፃናት ምግብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይሁን።

4. ማዕከሉ ከፓርኩ ይቀድማል

የመሰብሰቢያ ማዕከል ማለት ገበሬ ጋሪ ወይም አህያ ጭኖ በዚያው ቀን ደርሶ የሚመለስበት ቦታ ነው። ሕንፃው ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። መታመን ያለበት ሚዛኑ ነው፤ በዓመት ተመርምሮ የታተመ፣ ቁጥሩ ለሻጩም የሚታይ። እህል ከሆነ የእርጥበት መለኪያ ይኑር፤ በቆሎ ከ13 በመቶ እርጥበት በላይ ሆኖ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፣ ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይመጣል፣ አፍላቶክሲኑም በማጠብ አይለቅም። በርበሬና ለውዝ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ወይም በሸራ ላይ የሚደርቅበት ቦታ ይዘጋጅ፤ የውጭ ገዢ ኮንቴይነር የሚመልሰው በዚህ ሰበብ ነው። ወተት ከሆነ ውኃ የተጨመረበትን የሚለይ ላክቶሜትር፣ መኮምጠጥ የጀመረውን የሚለይ የአልኮል ሙከራና ወደ 4 ዲግሪ የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ታንክ ከነጀነሬተሩ። ወተቱ ከታለበ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታንኩ ውስጥ ካልገባ የቀረው መስመር የሚያቀነባብረው እርጎ ነው።

ክፍያው በዕለቱ ይሁን። ሰብሳቢ ነጋዴ ገበሬውን የሚወስደው ሁልጊዜ አብልጦ ከፍሎ አይደለም፤ እጅ በእጅ ስለሚከፍል ነው። ቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውር ካለ እናንተም ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ለዚያ የሚሆን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ግን ከሕንፃው በጀት ተለይቶ ይቀመጥ።

ውሉን በቃል አትተዉት። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጥቶ ለዚህ መሠረት አለ። የውሉ ነፍስ የዋጋ አንቀጹ ነው። «በገበያ ዋጋ» የሚል ውል ውል አይደለም፤ ቁርጥ ዋጋም ዋጋ ሲንር ይፈርሳል። የተሻለው ቀመር ከእህል በረንዳ የሳምንት አማካይ ላይ የመጓጓዣውን ቀንሶ፣ ከዚያ በታች የማይወርድ ወለል አስቀምጦ፣ ለጥራት ጭማሪ መክፈል ነው። ቀመሩን ገበሬው ራሱ በጣቱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይገባል፤ ካልደረሰበት እያታለላችሁት ነው ብሎ ያስባል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስባለሁ።

5. «ባዶ መሬት» የለም

አሁን መሬት እንይ። የወረዳው ባለሥልጣን ወደ አንድ ሜዳ ወስዶ «ይህ ባዶ ነው» ካላችሁ ተጠንቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ግጦሽ ነው፤ ደብተር አልወጣለትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጋር በእግር ዙሩት። ምንጩ የት ነው፣ ከብቶቹ በየት ያልፋሉ፣ ታቦት የሚወርድበት ጥምቀተ ባሕር ወይም መቃብር አለ ወይ፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛው የት ነው? ይህን ካርታ አያሳይም።

የግል ይዞታ ካለበት የካሳ አዋጁን፣ ቁጥር 1161/2011ን፣ አንብቡ። ለዘለቄታው መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የማፈናቀያ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት በአንዱ ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነው። ካሳው በበጀታችሁ ውስጥ በግንባታው ዋጋ ሥር ተደብቆ አይቀመጥ፤ ራሱን የቻለ መስመር ይሁን። ይዞታው የባልና የሚስት ከሆነ ክፍያው ለባል ብቻ እንዳይሄድ አረጋግጡ። የሚነሡት ሰዎች ዘበኛ ብቻ ሆነው የሚቀጠሩበት ፓርክ ጎረቤቱን ጠላት አድርጎ ይጀምራል፤ ልጆቻቸው በማዕከሉ ሚዛንና ላቦራቶሪ ላይ የሚሠለጥኑበትን ቦታ ከወዲሁ መድቡ።

አፈሩን ደግሞ አስቆፍሩ። የኢትዮጵያ ደጋ ሜዳ ብዙው ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ዋልካ ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ከባድ ወጪ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ኪሎ ሜትር ራቅ ያለ ቀይ አፈር ከሜዳው ይረክሳል። ቁልቁለቱ ትንሽ፣ ጎርፉ የሚወጣበት ያለ፣ ከአስፋልቱ የማይርቅ፣ በመስኖ የሚለማ ያልሆነ፤ እነዚህን አራቱን ያሟላ ቦታ ካገኛችሁ ስፋቱ ቢያንስም ያዙት።

6. ውኃው፣ ቆሻሻው፣ መብራቱ

ምግብ ፋብሪካ ውኃ ጠጪ ነው፤ ወተት ቤት ከሚቀበለው ወተት የሚበልጥ ውኃ በቀላሉ ይፈጃል። ጉድጓዱ በበጋው ጫፍ፣ በሚያዝያ አካባቢ፣ በተከታታይ ተስቦ ይለካ። ያው ውኃ የከተማዋ የመጠጥ ምንጭ ከሆነ ጉዳዩን ከሕዝቡ ጋር ሳትጨርሱ አትቀጥሉ።

ትልቁ ስሕተት ግን ፍሳሹን ለመጨረሻው ምዕራፍ ማቆየት ነው። የምግብ ፍሳሽ መርዝ ስለሌለው ጉዳት የለውም የሚል እምነት አለ፤ ሐሰት ነው። 1 ሊትር ወተት ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ 100 ግራም ያህል ኦክስጅን ከወንዙ ይበላል። የአንድ ሰው የቀን ቆሻሻ የሚበላው ከ50 እስከ 60 ግራም ነው። ስለዚህ በቀን 1,000 ሊትር ወተት ወይም ያንኑ ያህል ኦክስጅን የሚበላ እጣቢ ወደ ወንዝ የሚለቅ ፋብሪካ፣ ወደ 2,000 ሰው የሚኖርበት ከተማ ፍሳሹን ሳያጣራ እንደመልቀቅ ነው። ዓሣው ያልቃል፣ ቀጥሎም ከብት ውኃውን አይጠጣም፣ ቀጥሎም ወረዳው በራችሁን ይዘጋል።

የጋራ ማጣሪያው ከመጀመሪያው ተከራይ በፊት ይሠራ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ፓርክ ፍሳሹን አጥርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱን ብዙ ሰው ያነሣል፤ ያ ግን ለልብስ ፋብሪካ የተመረጠ ውድ መንገድ ነው። ለምግብ ፍሳሽ ስብ መያዣ፣ የጋዝ ማመንጫ ታንክና ኩሬ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጋዙ ለቦይለር ይመለሳል። ክፍያውን በሜትር ኪዩብ ብቻ ሳይሆን ፍሳሹ በሚበላው ኦክስጅን መጠንም አስሉ። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ፋብሪካ አይቡን ሲጨምቅ የሚወጣውን አጓት ከማፍሰስ ለአሳማ ወይም ለመኖ መስጠት ይመርጣል።

ስለ መብራት፣ «መስመር አለ» የሚል ደብዳቤ አትቀበሉ። ከኤሌክትሪክ አገልግሎት የዚያን መስመር ያለፈ ዓመት የመቋረጥ መዝገብ ጠይቁ። 33 ኪሎ ቮልት የገጠር መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ክፍል ዕድሜውን በጀነሬተር ይኖራል፤ የናፍጣው ወጪ በአዋጭነት ጥናቱ ውስጥ ከሌለ ጥናቱ የተሠራው ለባንኩ ነው።

7. የግቢው አቀማመጥ

ይህ የአርክቴክቱ ሥራ ስለሆነ አሳጥራለሁ። ጥሬው የሚገባበትና የተሠራው የሚወጣበት በር አይገናኙ። ከበሩ ፊት የመኪና መቆሚያ ሰፊ ይሁን፤ በመኸር ወቅት አይሱዙዎች ዋናውን መንገድ ይዘጋሉና። የሠራተኛ መታጠቢያና የሕፃናት ማቆያ ከመጀመሪያው ሼድ ጋር ይሠሩ። የቤት ኪራይ አስቀድሞ የሚንረው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ የሠራተኛ መኖሪያ ጉዳይ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ቀድሞ ይነሣ።

8. አራት ኪሎ ሂዱ

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነጋሪት ጋዜጣ ይሸጣል። የምትገዙት ይህ ነው፦ የኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012፣ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ 1322/2016፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995፣ የንግድ ሕጉ 1243/2013፣ እና ከላይ ያነሣኋቸው ሁለቱ። አዋጅ ስለሚሻሻል ማሻሻያውንም ጠይቁ። ልዩ ኢኮኖሚ ዞን መሆን የጉምሩክና የታክስ ጥቅም ቢኖረውም ለሁሉ አይስማማም፤ አብዛኛው ምርታችሁ መርካቶ የሚሸጥ ከሆነ ዞኑ ከሚሰጣችሁ ጥቅም የሚያስከትለው ሥርዓት ሊበልጥ ይችላል። ይህን ከጠበቃ ጋር ወስኑ እንጂ ከማስታወቂያ አትወስኑ።

9. ገንዘቡን በደረጃ አውጡ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ማሽን ለማስገባት በብር ያቀደ ሁሉ ዕቅዱን እንደ አዲስ ጻፈ። ስለዚህ የማሽኑን ዋጋ በዶላር፣ ግንባታውን በብር ለያይታችሁ ጻፉ፤ ምንዛሪው ቢጨምር ምን እንደሚሆን በሁለት ሦስት ግምት አሳዩ። የልማት ባንክም ሆነ ሌላ አበዳሪ ይህን ሲያይ ጥያቄው ይቀንሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ማዕከላት፣ ሚዛን፣ ማበጠሪያና መጋዘን ብቻ ክፈቱ። የተበጠረና የተመደበ እህል ለነባር ፋብሪካዎች መሸጥ ገቢ ያመጣል፤ ገበሬውም ይለምዳችኋል። በሁለተኛው ደረጃ መንገድ፣ ውኃ፣ ማጣሪያና መብራት የገባበት መሬት ለአንድ ዋና ተከራይ አዘጋጁ። ሼድ ቀድሞ መሥራት የሚገባው ለዚያ ተከራይ በፊርማ ሲሆን ብቻ ነው። ዩኒየኖቹን ባለ አክሲዮን አድርጓቸው፤ ትርፍ ከተካፈለ ገበሬ ጋር የዋጋ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የመጨረሻው ወረቀት የበሩ ደንብ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ዋጋ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሰሌዳ ይለጠፋል። ናሙና ባለ ዕቃው ፊት ይወሰዳል፤ ለሦስት ይከፈላል፣ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ታሽጎ ክርክር ቢነሣ ይቀመጣል። ክፍያው መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ይላካል። ጥራቱ ያልበቃ ጭነት ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጥቶ፣ በሁለተኛ ዋጋ ወደ መኖ መሸጥ ወይም መመለስ የባለቤቱ ምርጫ ይሆናል። ሻጋታ የተገኘበት ግን ወደ መኖም አይገባም።